ሁለቱ እርጥብ ጨርቆች

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስንት ጥቃቅን ኃጢአት ቆጠርኩ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘለልኳት። እናንተ ስሙኝ።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት በሰፈረበት ዘመን ቀወት ውስጥ ለልጆች ፊደል አስተምር ነበር። ሶላቶው፣ የጣሊያኑ ወታደር፣ ቤት ለቤት እህል ይፈትሻል። የዘር ማሽላ ድሮም በዛላው ከምድጃ በላይ፣ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚከርመው። «አውርዳችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት» ብዬ የመከርኩ እኔ ነኝ። ገበሬ አልነበርኩም፤ ግን የኔታ ያለው አይጣልም።

ትርንጎ የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። መጠየቅ አይታክታትም። ሊዘራ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁለት እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«የኔታ፣ ይኼ የጉድጓዱ ነው፤ ይኼ ደግሞ እማዬ ጭስ ላይ ያስቀረችው። ዐሥር ዐሥር ፍሬ ነው ያረጠብኩት። ይዩት።»

አየሁት። የጭሱ ዘጠኙ በቅሏል። የጉድጓዱ አንድ ብቻ፤ የቀረው ሻግቷል።

ገባኝ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ከጎረቤታችን ከጀውሃ ሰዎች ዘር ለምኖ ለማምጣት ገና ጊዜ ነበር። ታዲያ ምን አደረግኩ? «እህል በጠፋበት ዘመን በእህል ትጫወቻለሽ?» ብዬ በልጆቹ ፊት ገረፍኳት። እኔ ገረፍኳት። ጨርቆቹን እሳት ውስጥ ጣልኩ። ለአባቷም ለማንም አልነገርኩም። ምን ፈርቼ? በሰባት ዓመት ልጅ መታረምን።

ተዘራ። ዝናቡም ደህና ነበር። ማሽላው ግን እዚህም እዚያም አንድ አንድ እንጂ አልበቀለም። ሰው ተሰብስቦ ሲጠይቀኝ «የእግዜር ቁጣ ነው» አልኩ። በእግዜር አላከክሁ። ትርንጎ አባቷ አጠገብ ቆማ ታየኛለች። «አይደለም እንዴ፣ ልጄ?» አልኳት።

«ነው፣ የኔታ» አለች።

ዓመቱ ሳይሞላ ታናሽ ወንድሟ በረሃብ ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜ አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ትርንጎ ፊደሉን ጨረሰች፣ ዳዊት ደገመች። አንዲት ነገር እንኳ ዳግም አልጠየቀችኝም። ሰው «የኔታ፣ ጨዋ አድርገው አሳደጓት» እያለ ያመሰግነኛል።

አሁን የልጅ እናት ናት። ባለፈው ሳምንት ይቅር በይኝ ልላት ደጇ ድረስ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር። አፌን ሳልከፍት ትንሿ ልጇ ከግቢው መጥታ «እማዬ፣ ጠዋት ረጅም የነበረው ጥላዬ አሁን ለምን አጠረ?» አለቻት።

«ዝም በይ» አለች ትርንጎ፤ «የኔታ ፊት አይጠየቅም።»

እኔም ይቅር በይኝ ሳልላት ተመለስኩ።