ቁጭ ብለው የተቀበሉት እንግዳ

ሥራዬ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው፤ እዚህ አገር በዕብራይስጥ መታፔል ይሉናል። ከዚያ በፊት ቤኤር ቱቪያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ካርቶን ስጭን ስንት ዓመት ኖርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አጭር ኮርስ ወሰድኩ። ከክፍሉ ሁሉ ፊደል የሚያስቸግረው እኔን ነበር። ሰው ከወንበር የማንሣቱ ልምምድ ሲደርስ ግን መምህሯ ሌሎቹን ሰብስባ እኔን እንዲያዩ አደረገቻቸው። ነገሩ ጉልበት አይጠይቅም። እግርህን ከእግሩ ፊት ትተክላለህ፣ ቀበቶውን ከኋላ ትይዛለህ፣ ከዚያ ሰውዬው በራሱ አቅም መነሣት እስኪጀምር ትጠብቃለህ። ብዙ ሰው የሚያቅተው መጠበቁ ነው።

ከያዝኳቸው ሰዎች ሁሉ ገዴራ ከተማ የሚኖሩትን አባባን አልረሳም። ሰማንያ አምስት ያለፋቸው፣ ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ሰንፏል። አንዲት ልጃቸው ያቭኔ ትኖራለች፤ እሷም ሥራና ልጆች አሉባት። እኔ ከቂርያት ማላኪ በጠዋቱ አውቶቡስ እየሄድኩ ልጃቸው ከሥራ ወጥታ እሳቸው ዘንድ እስክትመጣ አብሬያቸው እውላለሁ።

እኔ ራሴ ስድሳ አምስት አልፎኝ፣ ፀጉሬ እንደ ጥጥ ነጥቶ፣ እሳቸው የሚጠሩኝ «አንተ ልጅ» እያሉ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ ይኼ ልጅ ገና ነው፣ ሥራ እያስተማርኩት ነው ይላሉ። እኔም አዎ፣ እየተማርኩ ነው እላለሁ። ውሸትም አልነበረም። ልብስ ሲለበስ የታመመው እጅ እንደሚቀድም፣ ሲወልቅ ደግሞ ደኅነኛው እንደሚቀድም በኮርሱ ሰምቼው ነበር፤ ሸሚዙ ሳይጎትት፣ ትከሻቸው ሳይታመም ማድረጉን የተማርኩት ግን በእሳቸው ላይ ነው። የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ቢከብደኝ በመልኩና በቅርጹ አውቀዋለሁ። መልኩ የተለወጠ ቀን ለልጃቸው ደውዬ ሳላጣራ አልሰጥም። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

የእንክብካቤው ሰዓት የሚፈቀደው ከመንግሥት ነው። በየጊዜው አንድ ሰው ይላክና ሽማግሌው የሚችለውንና የማይችለውን አይቶ ይጽፋል። ሰዓቱ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በዚያ ነው። አንድ ጠዋት እንዲህ ዓይነት ሴትዮ ትመጣለች ተባለ። አባባ ነጩን ሸሚዝ አልብሰኝ አሉ። ጋቢያቸውን ደረብኩላቸው፣ ወንበራቸውንም ወደ በሩ አዞርኩላቸው።

ደወሉ ተደወለ። በሩን ከፍቼ ዘወር ስል ቆመዋል። ብቻቸውን። ቀኝ እጃቸው ጠረጴዛውን ጨብጦ፣ ግራ እግራቸው ከጋቢው ሥር እየተንቀጠቀጠ፣ ፊታቸው ፈገግ ብሎ። ያለ እኔ ቆመው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነውና፣ ያቺ ወጣት ሴት እንግዳቸው ነበረች።

እሷ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። በራስዎ ይታጠባሉ ወይ ስትል፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ልብስዎንስ ስትል፣ ተመስገን፣ ምን ጎደለብኝ አሉ። ወደ ሽንት ቤት የሚሄዱት ብቻዎን ነው ወይ ስትል ግድግዳውን አዩና ደኅና ነኝ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለሴት ልጅ ይነገራል ወይ። እኔም ያሉትን እንዳሉት አቀበልኩ። እሷ ትጽፋለች። እንዲህ አይደለም ልል ነበር፤ ግን ትልቅ ሰው የተናገረውን በእንግዳ ፊት ማፍረስ አልሆነልኝም። ሴትዮዋ እጃቸውን ጨብጣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ከድካሙ ማንኪያ ማንሣት አቅቷቸው ምሳቸውን አጎረስኳቸው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ደብዳቤ ይዛ ከያቭኔ መጣች። ሰዓቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ወጥ ቤት ጠራችኝና፦

«ጋሼ፣ አባቴስ ይደብቃል፣ ጠባዩ ነው። እርስዎን ግን ምን ነካዎት?» አለችኝ።

 ሰዓቱ እንዲህ ካነሰ ቀሪውን ቀን ብቻቸውን ሊውሉ አይችሉም አለች። ከዚህ በፊት አንዴ ወድቀው ግማሽ ቀን መሬት ላይ ተኝተው ተገኝተዋል። ያቭኔ አንድ የአረጋውያን ማደሪያ ሄዳ አይታለች፤ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደግ ናቸው፣ ነገር ግን አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው የለበትም። ይህን ስትል አለቀሰች። ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ሌላ መርማሪ ይልካሉ፤ ያኛውም እንደ መጀመሪያዋ ከጻፈ ግን ሌላ መንገድ የለኝም አለችኝ። አባባ ከሳሎን ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ስትሰናበታቸው ሳሟት።

በማግስቱ ሳጥባቸው ነገሩን አነሣሁ። ሰው ሲታጠብ ጀርባውን ሰጥቶህ ስለሚቀመጥ ዓይን ለዓይን አትተያይም፤ ከባድ ነገር ለማውራት ይመቻል። እሳቸው ፕላስቲኩ ወንበር ላይ ናቸው፣ እኔ ጀርባቸውን አሻለሁ።

«አባባ፣ እርቅ ላይ ተቀምጠው ምስክር እውነቱን ሲደብቅ ምን ይሉት ነበር?» አልኳቸው።

«ተነሥና ደጅ ውጣ ነው የምለው።»

«ሴትዮዋ የመጣች ቀን ምስክሩ እርስዎ ነበሩ። እኔም አብሬ ደበቅኩ።»

 ሳሙናውን አለቅልቄላቸው ጨረስኩ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። ፎጣውን ሳለብሳቸው፦

«እንግዲያው ሁለታችንም ደጅ ነን» አሉ።

ሳቅኩኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የሰው ልጅ ከደጄ ሲገባ እንደ ድንጋይ ተጎልቼ ልየው ነው የምትለኝ አሉ። አዎ አባባ፣ ተቀምጠው ይመርቁት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ያደርጉት ይሆን አያደርጉትም፣ እኔ አላወቅኩም። አውቶቡስ ውስጥም፣ ቤቴም ገብቼ፣ ይህንኑ ሳስብ ሰነበትኩ።

ልጃቸው ይግባኝ ብላ የተላከው ሁለተኛው መርማሪ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ዕብራይስጡ ራሱ የሌላ አገር ድምፅ ያለው ሰው ነበር። በሩን ስከፍት ዓይኔ ወደ ኋላ ነበር። አባባ ቀኝ እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርገዋል። ጣቶቻቸው መደገፊያውን ሲያንቁት አየሁ። ጉልበታቸው ተንቀሳቀሰ። ሊነሡ ነው አልኩ። ከዚያ እጃቸውን ከመደገፊያው አነሡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ አልተነሣሁልህም» አሉት። «አቅቶኝ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም። እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ግባ።»

ይህን ወደ ዕብራይስጥ ስመልስ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። ሰውዬው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ተወና ወንበሩን ስቦ እፊታቸው፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ። ጥያቄው ያው የሴትዮዋ ጥያቄ ነበር። አባባ አንድ በአንድ መለሱ። አልታጠብም። አልለብስም። ክኒኔን አላውቀውም። የሽንት ቤቱን ሲመልሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ግን መለሱ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ይህን ለባዕድ ሲናገር ስንት እንደሚከፍል የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙ ሽማግሌ ችሎት ተቀምጦ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ንግግር ግን አልሰማሁም።

ታዲያ ማን ነው የሚያጥብዎት አለ ሰውዬው።

«ይኼ ልጅ።»

መርማሪው ፀጉሬን አየና ፈገግ አለ። ከዚያ ሲነሡ ልይ አለ። እግሬን ከእግራቸው ፊት ተከልኩ፣ ቀበቷቸውን ያዝኩ፣ ጠበቅኩ። ጊዜ ወሰደ። መርማሪው ሊያግዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ረጋ አዶኒ፣ ቆይ ጌታዬ፣ ይነሣሉ አልኩት፤ እንግዳ ሆኖ ሳለ ያዘዝኩት መሰለኝና ደንገጥ አልኩ። እሱ ግን እጁን ሰበሰበ። ደረታቸው ወደ ፊት ሲያዘነብል፣ ክብደታቸው ወደ ቀኝ እግራቸው ሲመጣ ተሰማኝ፣ አብሬያቸው ወጣሁ። ቆሙ። ሰውዬው ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠራህ ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ጻፈው። ለምን እንደጻፈው አላውቅም፤ የእኔ ነገር ጥያቄው ውስጥ አልነበረም። በኑሮዬ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጽፍ ቆሜ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ልጃቸው በየማታው ትደውልና ደብዳቤ አልመጣም ትለኛለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እግራቸውን በሳፋ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ አነሣሁት። እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ ክፉ ነገር መሰለኝ። ጋሼ፣ ቤሰደር፣ ቤሰደር ትላለች፤ ደኅና ነው ማለቷ ነው። ሰዓቱ ተመልሷል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ጨምረውበታል። የትም አይሄድም፣ ይንገሩት አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ቤትዎ ነዎት አባባ፣ የትም አይሄዱም አልኳቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም፤ የሚጸልዩ መሰለኝ። እኔም ሳፋው አጠገብ ተንበርክኬ፣ ስልኩን እንደያዝኩ፣ እያየኋቸው ቀረሁ። ኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ምን ታየኛለህ አንተ ልጅ» አሉ፣ «አንደኛው እግር ሳይታጠብ ቀርቷል።»