ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ

እንጅባራ ተማሪ ሳለሁ በየቀኑ አሥር የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተር ላይ እየጻፍሁ አጠና ነበር። የምታስጠናኝ እናቴ ናት። ማንበብ አትችልም፤ አማርኛዋም ቢሆን ከአገውኛ ጋር የተቀላቀለ ነው። ግን እንዳላይ ደብተሩን ትቀማኝና ጭኗ ላይ ደፍታ፣ "በይ፣ ከላይ ጀምሪ" ትለኛለች። ቃሉን ከነትርጉሙ እላለሁ። ትንሽ ካመነታሁ፣ "ይችን አላወቅሻትም፤ ድገሚያት" ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ዳንግላ ማስተማር በጀመርሁ በዓመቱ እናቴ ሆዷን ታመመች። ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ። ሁለት ሐኪሞች የምርመራውን ውጤት ይዘው አልጋዋ አጠገብ በእንግሊዝኛ መነጋገር ጀመሩ፤ እንዳትደነግጥ ብለው ይመስለኛል። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ዕጢው ጉበቷን ይዞታል። ቀዶ ጥገና አይረዳትም። የቀሯት ሳምንታት ናቸው።

"ምን አሉ?" አለችኝ እናቴ።

"በመድኃኒት ይድናል አሉ፣ እማዬ።"

ፊቷ በራ። አጠገቧ ወደተኛችው ሴት ዞራ፣ "ልጄ እኮ እንግሊዝኛ ትሰማለች" አለቻት።

እናቴ ጫግኒ የምትኖር ታላቅ እህት ነበረቻት። በቤተሰብ ነገር ተኳርፈው ለዓመታት አልተያዩም። ከሆስፒታል እንደወጣን፣ "ትንሽ ልበርታና ሄጄ እታረቃታለሁ" አለች።

"ደውዬ ልጥራትና እሷ ትምጣ?"

"ታላቄ አይደለች? እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ። ደግሞ እንዲህ ተኝቼ ልታየኝ? ስድን እሄዳለሁ።"

እንደማትድን ልነግራት አስቤ ተውሁት። መኪና ለምኜም ቢሆን ላደርሳት እችል ነበር። ጫግኒ ሩቅ አይደለም።

ወር ሳይሞላት አረፈች።

አክስቴ ለቀብር መጣች። ለቅሶው ጋብ ሲል ከጎኔ ተቀመጠችና፣ "እንደማትድን ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እሷስ?"

"አልነገርኋትም። ስትድን መጥታ ልትታረቅዎት ነበር።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ "እኔም እኮ እስክትመጣ እየጠበቅሁ ነበር" አለች።

ከሰልስት በኋላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ይቅርታ ልላት መንገዱን ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ሳልላት ሚኒባሱ ሞላና ተነሣ፤ እሷም በመስኮቱ እጇን አውጥታ አውለበለበችልኝ። ቆሜ ሚኒባሱን አየሁት፣ ከዓይኔ እስኪሰወር።