ራስ የሌላቸው የሰርካዲስ እንስሳት

ሰርካዲስ ሥዕል አትችልም ነበር። ርእሰ መምህሩም ይህን ያውቃሉ። የሥዕል መምህሩ ወደ ናዝሬት ሲዛወር ክፍለ ጊዜውን ለእሷ የሰጧት፣ ስፌት ስለምታስተምር ጨርቅ ላይ መስመር ማስመር አያቅታትም ብለው ነው። በጃንሆይ ዘመን የድሬ ዳዋ የአንደኛ ክፍል ልጆች እንስሳ መሣል የተማሩት እንግዲህ በልብስ ስፌት ደንብ ነበር።

«ፍየል ልሣል ብላችሁ አትጨነቁ» አለቻቸው በመጀመሪያው ቀን። «መስመር አስምሩ። ቀጥ ያለው እግር ይሆናል፤ ጎበጥ ያለው ጀርባ። ዚግዛጉ የበግ ጠጉር ነው። ቁርጥ ቁርጥ ያለው ደግሞ የጅግራ ላባ።»

ልጆቹም አሰመሩ። ከሁሉ የበለጠችው የመጋላ ገበያው ጨርቅ ነጋዴ የአብዱሰመድ ልጅ ቱሪያ ነበረች። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንጨት ጭነው የሚያልፉትን ግመሎች ስታይ ያደገች ናትና፣ እርሳሷን ሳታነሳ ከአንገት እስከ ጅራት አንድ ጎባጣ መስመር ሰደደች፤ ግመል ሆነ።

በማግስቱ አባቷ ትምህርት ቤት መጣ። እሱ እንደ ከተማው ልማድ «አንቺ» ይላታል፤ እሷ እንደ አገሯ «እርስዎ»።

«ልጄ ግመል ሣለች» አላት።

«አዎ፤ ጥሩ ግመል ናት።»

«ችግሩ እሱ ነው። ነፍስ ያለው ነገር መሣል በኛ ቤት አይሆንም። አባቴ አየና ምሳውን ተወ።»

ሰርካዲስ አሰበች። የማይሆን እጅጌ ይፈታል እንጂ ልብሱ አይጣልም።

«ያስቀየማቸው እግሯ ነው?»

«እግር ብቻውን ምን ያደርጋል?»

«ሻኛዋስ?»

«ሻኛም ግድ የለም።»

«ጅራቷ?»

«ወላሂ ጅራቷን ማንም አላነሳም። ጭንቅላቷ ነው።»

«እንግዲያው አንገቷ ላይ እናቆማለን» አለች።

ከዚያ ወዲያ የቱሪያ እንስሳት አንገታቸው ላይ አለቁ። ሌሎቹም ልጆች ያስቸገራቸው ጭንቅላት ነበርና ይህን ሲያዩ ተዉት። ክልከላ የሌለባቸው የባቡር ሠራተኞቹ ልጆች ሳይቀሩ ተዉት። ግድግዳው ራስ በሌላቸው አህዮችና በጎች ተሞላ።

ከሐረር የመጣው ተቆጣጣሪ ግድግዳው ፊት ብዙ ቆመ።

«እነዚህ እንስሳት ምን አግኝቷቸው ነው?»

«ጭንቅላት ጋ ገና አልደረስንም» አለች ሰርካዲስ።

«እግራቸው ደህና ነው» አለና ወደ ሒሳብ ክፍል አለፈ።

ጥቂት ቆይቶ አብዱሰመድ ተመለሰ። ሰርካዲስ ከበሩ ስታየው ደነገጠች።

«አባቴ አዲሱን ሥዕል አየ» አላት። «‹ይህች የእንጨት ሻጩ የጉሌድ ግመል ናት› አለ። በአካሄዷ ነው ያወቃት።»

«እንግዲያው ይቅር?»

«አይ» አለ አብዱሰመድ። «በልጅነቱ ወደ ዘይላ ወደብ ይነዳት የነበረች ግመል አለች። የሞተች ናት። እሷን ሣዪልኝ እያለ ለቱሪያ መልኳን ይነግራታል። ደብተሩ አልበቃ አለ።»

ሰርካዲስ ቁም ሣጥኑን ከፍታ የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ሰፊ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው።

ክረምቱ ሲያልፍ ከአዲስ አበባ የተማረ የሥዕል መምህር ተመደበ፤ እሷም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ቅር ብሏት እንደሆነ የጠየቃት የለም። ትንሽ ብሏት ነበር።