ሰባት ቁጥር ስኳድራ

ከጎባ የወጣሁት ለዓርብ አጥቢያ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ነው። እናቴ አንድ ጣሳ ጭኮ ጠቅጥቃ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለለችልኝና "አታልቅሺ" አለችኝ፤ የምታለቅሰው ግን እሷ ነበረች። ጭኮ የማታውቁ ካላችሁ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፤ የባሌ ሰው ያለ እሱ ረጅም መንገድ አይጀምርም። ከሹራቤ ላይ የትምህርት ቤቱን የወርክሾፕ ጋውን፣ ከጋውኑ ላይ የአባቴን ካፖርት ደርቤአለሁ። በዚያ ሰዓት ጭነት መኪና ላይ ሆኖ የሳነቴን ብርዳም አምባ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ለጎባ ሰው አልነግረውም። ለናይሮቢ ሰው ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም፤ እዚህ ሰው ጥርሱ የሚንቀጫቀጨው ወባ ሲይዘው ብቻ ይመስለዋል።

የሄድኩበት ምክንያት ወንድሜ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ በተጠራ በሳምንቱ ጠፋ። ቀበሌው ደግሞ ልጁ ሲጠፋ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይጠራና ልጁ እስኪመጣ ያስቀምጣል። የጎረቤታችን ልጅ በወንድሟ ፋንታ ቀርባ ክረምቱን እዚያው ከርማለች። ሐሙስ በምሳ ሰዓት የእኔ ወረቀት መጣ፤ "ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንድትቀርቢ" ይላል። እናቴ ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጥ ስለነበር ሾፌሮቹን ሁሉ ታውቃለች። ማታውኑ የጊኒሩን ሾፌር አደምን ለመነችው። አደም ጨውና ሳሙና ወደ ዶሎ መና አውርዶ ቡና ጭኖ ይመለሳል፤ እኔም ከጨው ከረጢት ጋር ተጫንኩ።

ሳነቴን አልፈን ወደ ሪራ ቁልቁል ስንወርድ ነጋ። ጫካው ውስጥ ስንገባ አየሩ ለስለስ አለ፤ ካፖርቴን ከፈትኩ። (በኋላ እንደሰማሁት ወንድሜ ያን ሰሞን ሪራ ከማር ቆራጮች ጋር ነበር። መኪናችን በደጃፉ አልፎ ሄዷል ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ያበሽቀኛል።) እጄን ወደ ጋውኔ ኪስ ስሰድ አንድ ቀዝቃዛ ብረት ነካሁ። አወጣሁት። ሰባት ቁጥር ስኳድራ ነው፤ የወርክሾፓችን የማዕዘን መለኪያ። ደሜ ቀጥ አለ።

ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ እንድታውቁ ስለ ወርክሾፓችን ልንገራችሁ። በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ በየሙያው እንከፈል ነበር፤ እርሻ፣ ንግድ ሥራ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ። ሴቶቹ ሆም ኢኮኖሚክስና ታይፕ ይማራሉ። በዚያ ዓመት ግን ካድሬው ስብሰባ ላይ "ሴቶችም መጋዝ ይጨብጡ" ብሎ ስለተናገረ ቢያንስ አንዲት ሴት መጋዝ ጨብጣ መታየት ነበረባት፤ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። አንድ ወር አለቀስኩ። በሁለተኛው ወር መላጊያ እንጨቱ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ድምፅ ወደድኩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስወጣኝ አልቻለም።

የእንጨት ሥራ መምህራችን ቲቸር ገመቹ ይባላሉ፤ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፣ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። አጭር ሰው ናቸው፤ እርሳሳቸው ከጆሯቸው አይጠፋም፤ ተቆጥተው እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ነበራቸው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርፅ በጥቁር ቀለም ተስሎበታል፤ መጋዙ በመጋዙ ጥላ፣ መሮው በመሮው ጥላ ላይ ይሰቀላል፤ በየዕቃው ላይም ቁጥር ተመትቷል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሳምንቱ ተረኛ ሰሌዳውን ያይና ሁሉም ጥላ ከተሸፈነ "ሙሉ!" ብሎ ይጮኻል። ይህ ሳይባል በሩ አይከፈትም። አንዲት መሮ ጠፍታ ምሳ ሳንበላ የዋልንበት ቀን አለ።

ያን ሳምንት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ከሰዓት ለአዲሶቹ የመንደር ምስረታ ቤቶች የመስኮት ክፈፍ እየሠራን ነበር፤ አእምሮዬ ግን የቀበሌው ወረቀት ላይ ነው። ደወሉ ሲደወል ወደ ሰሌዳው ፊቴን አዞርኩ እንጂ አላየሁትም። "ሙሉ!" አልኩ። ቲቸር ገመቹ አመኑኝና በሩን ከፈቱ። ስኳድራዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ያኔ የመንግሥት ንብረት ማጉደል ቀልድ አይደለም። በሌላ አውራጃ አንድ መምህር ሞረድ ጎደለበት ተብሎ "የኢኮኖሚ አሻጥር" በሚል ታስሮ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። የእኛ ወርክሾፕ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል። እኔ በጠፋሁ ማግስት ስኳድራ ከጠፋ ቲቸር ገመቹ ምን ብለው ይመልሳሉ? ተማሪዋንም መሣሪያውንም አብረው ያሸሹ ነው የሚመስለው።

የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብኩ።

"አደም! አቁምልኝ፣ መመለስ አለብኝ!"

አቁሞ ወረደ፤ እኔም ከጭነቱ ላይ ወረድኩ። "ምን ረሳሽ?"

"አልረሳሁም፤ ይዤ መጥቼ ነው።" አሳየሁት።

"ያ ረቢ! ለዚች?" አገላብጦ አያት። "ስሚ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጠበቀው አንቺ ነሽ። ይህቺን የሚጠብቃት የለም።"

"እንግዲያው ስትመለስ ለቲቸር አድርስልኝ።"

"ኬላ ላይ ቢያገኙብኝስ? የትምህርት ቤት ዕቃ ከየት አመጣህ ሲሉኝ አንቺን ልጥራላቸው?" መልሶ እጄ ላይ አኖራትና "ጭነቱ ላይ ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። እውነት ለመናገር በጣም አልተከራከርኩትም፤ መመለሱን ፈርቼ ነበር። ያ ነው ለዓመታት ያላስተኛኝ።

ከመና እስከ ነገሌ፣ ከነገሌ እስከ ሞያሌ ያለውን በከብት ነጋዴዎች እርዳታ፣ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና ጨረስኩት። የቆላው ፀሐይ ጭኮዬን አቀለጠው፤ በጣት እየጠነቆልኩ በላሁት። ነጋዴዎቹ እንኳ አዝነው ወተት ሰጡኝ።

ድንበሩን ተሻግሬ ናይሮቢ ስደርስ የስደተኞች ቢሮ ውስጥ ወፍራም መነጽር ያደረገ ጸሐፊ ነበር።

"ሙያ?" አለኝ።

"አናጺ።"

"የባልሽን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

"ባል የለኝም፤ አናጺዋ እኔ ነኝ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ብዕሩን አነሳ፤ ጻፈ። ካርዱን ሳነበው "ልብስ ሰፊ" ይላል። "ተሳስቷል" ስለው "እኅቴ፣ ይህን የሚያነቡት ሰዎች እንዲያምኑሽ ነው" አለኝ። ደግ ሰው ነበር መሰለኝ።

ቤት ያከራየችኝ ማማ ዋንጂሩ ደግሞ ገና በሩን ሳልሻገር "ኢትዮጵያዊ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እናንተ ሌሊት ታለቅሳላችሁ። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ጎረቤት አላስተኛ ብሎ ነበር።"

"እኔ አላለቅስም።"

"ሁሉም እንዲህ ይላል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ስታለቅሺ አፍሽን በትራስ ያዢ።"

ኡጋሊ የሚሉትን ምግባቸውን የመጀመሪያ ቀን ሳየው ማርቃ፣ የእኛው ገንፎ፣ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። መሐሉን በጣቴ ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬው እስኪመጣ ጠበቅኩ። የመጣው ጎመን ነው። ሰላምታቸውም እንደዚያው ነው። "ሐባሪ?" "ንዙሪ!" አለቀ፤ ሰውዬው ሄደ። በእኛ አገር "አካም ቡልቴ" (እንዴት አደርሽ) ተብሎ የእናት፣ የልጅ፣ የከብት፣ የገብሱ ደኅንነት ሳይጠየቅ የትኛው መንገደኛ ይለቀቃል? መንገድ ላይ ቆሜ የቀረውን ሰላምታ ስጠብቅ ስንቴ እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

ሥራ ፍለጋ ጊኮምባ ሰፈር የቤት ዕቃ ሠሪዎች ጋ ስዞር ሰነበትኩ። ሁሉም ካርዴን እያዩ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ይመሩኛል። በመጨረሻ ሚስተር ዲሊፕ የሚባል የህንድ ተወላጅ ወርክሾፕ ገባሁ። እሱም ካርዴን አየና "እዚህ የምንሰፋው የለም" አለኝ። ልወጣ ስል አዲስ የቆመ ቁም ሣጥን አየሁ፤ በሩ ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቷል። ስኳድራዬን አውጥቼ ጥጉ ላይ አስጠጋሁት። በመሐላቸው ብርሃን ታየ።

"ተዛብቷል" አልኩት።

"ስኳድራሽ ነው የተዛባው!" ብሎ የራሱን አመጣ። የእሱ ልክ ገጠመ።

እዚህ ላይ ቲቸር ገመቹ አዳኑኝ። መሣሪያ ከመታመኑ በፊት መመርመር አለበት የሚሉት እሳቸው ናቸው። ጣውላ ላይ በእሱ ስኳድራ መስመር አሰመርኩ፤ ገልብጬ በዚያው ነጥብ ላይ ደገምኩ። ስኳድራው እውነተኛ ቢሆን ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆኑ ነበር። ተለያዩ። በእኔዋ ሞከርኩ፤ አንድ ሆኑ። ሚስተር ዲሊፕ መስመሮቹን ለረጅም ጊዜ አያቸውና በዚያ ስኳድራ ስንት ዓመት እንደሠራ በልቡ አስቦ መሰለኝ ቁጭ አለ። "ሰኞ ነይ" አለኝ። ሠራተኞቹ "ማማ ፉንዲ" አሉኝ፤ ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የስኳድራዬን ጥላ በእርሳስ ስዬ ሚስማር መታሁላት።

እንጀራዬ በእሷ ተጋገረ። ግን በሰቀልኳት ቁጥር ያኛው፣ የጎባው ጥላ ባዶውን ይታየኛል። የምበላው እንጀራ ቲቸር ገመቹ የታሰሩበት ይሆን? በደብዳቤ እንዳልጠይቅ ደብዳቤ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ "ቲቸር እንዴት ናቸው?" ብቻ ብዬ በሞያሌ ነጋዴዎች ላክሁ፤ መልስ የለም። ዝምታውን እንደፈለግኩ ስተረጉመው ሁልጊዜ ወደ ክፉው ነበር።

በአራተኛው ዓመት በመንገደኛ አንድ ወረቀት ደረሰኝ። "እሑድ በአሥር ሰዓት ጎባ ቴሌ እንሆናለን፤ ደውዪ። እናትሽ" ይላል። ስለ ቲቸር አንድ ቃል የለበትም። እስከ እሑድ እህል አልቀመስኩም።

ኦፕሬተሯ "ሦስት ደቂቃ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ተነጋገሩ" አለች። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ።

"አያንቱ?"

ያ ከፍ የማይል ድምፅ። "ቲቸር! አልታሰሩም?" ብዬ ጮኽኩ፤ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ሳል ሳል አሉ። "ደህና ነኝ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ። ሰሌዳው ሙሉ ነው።"

"እንዴት ሙሉ ይሆናል? ሰባት ቁጥር እኮ..."

"ሙሉ ነው አልኩሽ። በማግስቱ ጥላዋን ባዶ ሳየው መንታ ወለድኩላት። እጀታዋ ጥድ ነው፤ ብረቷ የዘይት ቆርቆሮ። ቁጥሯንም መታሁባት። ኮሚቴው አንስቶ አይቷት፣ በጥሩ ሁኔታ ተይዛለች ብሎ ፈርሞልኛል።"

የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ ወረደ፤ አራት ዓመት የተሸከምኩት። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። "ልክ ናት ግን?" አልኳቸው።

"የት ልክ ትሆናለች! ገልብጬ ሞክሬአታለሁ፤ መስመሮቹ ተኳርፈዋል። እንዳይነኳት ከፍ አድርጌ ሰቀልኳት። አንድ ቀን ስታመም ግን ልጆቹ አውርደው በር ሠሩባት።"

"የማንን በር?"

"ያ በሁለት ሰዓት የጠራሽ ቢሮ የለም? የእሱን። እስከ ዛሬ አይዘጋም። የሳነቴ ነፋስ በክፍተቱ እየገባ ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ለብሶ ነው የሚሰበስበን።"

ኦፕሬተሯ ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ ብላ "አንድ ደቂቃ" አለች።

"ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለ፣ እሷኑ ልላክልዎት?"

"እንዳትሞክሪ! ሲጎድል ሠርቼ ሞላሁ። ሁለት ሰባት ቁጥር ቢገኝ ግን ምን ብዬ አስረዳለሁ? እዚያው ሥሪባት። ገልብጠሽ ትመረምሪያለሽ አይደል?"

"እመረምራለሁ።"

"ጎበዝ። እናትሽን እንኪ።"

የእናቴ ትንፋሽ ተሰማኝ፣ ከድምፅዋ በፊት። "ስለ ብረት አውርታችሁ ጨረሳችሁት እኮ! እኔ ደግሞ አያንቱዬ፣ ከሄድሽ ጀምሮ አንድ የምጠይቅሽ ነገር..."

ስልኩ ተቋረጠ።

መልሼ ለመደወል ተሰለፍኩ፤ መስመሩ ሥራ በዝቶበታል አሉኝ። ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ከተማው በሙሉ የቀለለ መሰለኝ። ገብቼ ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። ጠዋት ማማ ዋንጂሩ በር ላይ ይዛ ፊቴን መረመረችኝ። "ትናንት አልሰማሁሽም፤ ታመሽ ነው?" አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ትራሱ አልከለለኝም ኖሯል።

ለእናቴ በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ላክሁ። ቲቸርን ስላመጣችልኝ አመሰገንኳት፤ መጨረሻው ላይ ልትጠይቀኝ የነበረው ምን እንደሆነ እንድታጽፍልኝ ለመንኳት። መልሱ ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ ጣሳ ጭኮ ጋር መጣ። በጎረቤት እጅ ያጻፈቻት ሁለት መስመር ናት። ጤንነቷን ከነገረችኝ በኋላ እንዲህ ትላለች፤ "ጥያቄውን ስትመጪ እጠይቅሻለሁ።"