የልጄን ጠረን ፍለጋ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መጋቢያችን ዕድሉን ስለሰጡኝ ጌታ ይባርካቸው። ማይኩን እስቲ ዝቅ አድርጉልኝ፣ ለረጃጅሞቹ ዘማሪዎች ነው የተተከለው። እሺ፣ አሁን ይሰማል። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት፤ ምስክርነቴም ስለ አፍንጫዬ ነው። አትሳቁ። የሚስቅ ሰው ክፉ ጉንፋን ይዞት አያውቅም ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከሙጃ ገበያ ገዝቼ እዚህ ላሊበላ ለየሆቴሉ አቀርባለሁ። የቅቤ ነጋዴ ዓይኑ አፍንጫው ነው። ስንጥር ቅቤው መሐል ድረስ እሰድና አውጥቼ አሸተዋለሁ፤ ላዩ ለጋ ሆኖ ውስጡ የከረመ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። እዚህ ጉባኤ የመጣሁት ደግሞ ባሌን ተከትዬ ነው። ደረጄ አስጎብኚ ነው፣ ጌታን ከተቀበለ ቆይቷል። እኔ ግን እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለየትኛው ሆቴል ምን እንደማደርስ ሳስብ ነበር የምውለው።

በረከትን ልወልድ ጥቂት ሲቀረኝ ጉንፋኑ ያዘኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሳሉም ለቀቀኝ፣ የማሽተት ነገር ግን አብሮ ሄደ። ወለድኩ፣ ጌታ ይመስገን፣ በሰላም ወለድኩ። አራስ ጥየቃ የሚመጡት ሴቶች ልጄን እየተቀባበሉ አንገቷ ሥር ይገቡና «እሰይ፣ የአራስ ልጅ ጠረን» ይላሉ። እኔ አቅፌያት ምንም የለም። ውሃ ያቀፍኩ ያህል ነው። እናንተ እናቶች ይገባችኋል፤ ልጄ እቅፌ ውስጥ ሆና ናፈቀችኝ።

ከደረጄ ጋር ደሴ ድረስ ሄጄ ሐኪም አየኝ። ትሑት ወጣት ነው። «የሽታ ነርቩ ተጎድቷል። የሚዋጥ መድኃኒት የለኝም፤ ግን አፍንጫዎት እንደገና ሊማር ይችላል» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ልታስገቡት ነው?» አልኩት።

ሳቀና ደረጄ ስልክ ላይ አንድ አፕ አስጫነ። ጠዋትና ማታ ይደውላል። ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ በየተራ ታሸታላችሁ፤ እያሸተታችሁ ሥዕሉን እያያችሁ የድሮ ሽታውን ለማስታወስ ትሞክራላችሁ፤ ከዚያ «ምንም»፣ «ትንሽ» ወይም «ብዙ» የሚለውን ትጫናላችሁ። ጽጌረዳ ከየት ላምጣ፣ በጤና አዳም ተካሁት። የስልኩ ሎሚ ደግሞ ቢጫና ትልቅ ነው፣ የእኛን ሎሚ ቢያየው ያፍራል።

«ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ለየብቻ አስቀምጡ» ይላል አፑ። እናቴ የላከችልኝ ትንንሽ የቅቤ ቅሎች ነበሩኝ። አጠብኳቸውና እንደ ደንቡ ወይራ አጭሼ አጠንኳቸው። ያልታጠነ ቅል ዕቃ አይባልማ። ሎሚው ሲጠወልግ፣ ጤና አዳሙ ሲደርቅ፣ በለወጥኩ ቁጥር ደግሜ አጥናለሁ። ሙያዬን እየሠራሁ ነው፤ ማን ምን ይለኛል?

ስልኩ ይደውላል፣ አሸታለሁ፣ «ምንም» እጫናለሁ። ሁልጊዜ «ምንም»። አንድ ቀን የልጄ ፎጣ ምድጃው ጠርዝ ላይ ወድቆ ሲጨስ ዞር ስል በዓይኔ አየሁት። ልጄ አጠገቡ ተኝታለች። ፎጣውን ወደ ውጭ ወርውሬ ልጄን አንሥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው ወገኖቼ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የጸለይኩት። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ሰጥተኸኛል፣ አውቃለሁ። ግን እስካሸታት ድረስ ያልተሰጠችኝ ይመስለኛል። ስጠኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ስመጣ ለባሌ ብዬ አልነበረም። ጌታ ይባረክ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት የሎሚውን ቅል ስከፍት የሆነ ነገር ሸተተኝ። ደስ አለኝ፣ ግን ሎሚ አልነበረም፣ ጢስ ነው። ቅርንፉዱን ከፈትኩ፣ ጢስ። ባሕር ዛፉም ጤና አዳሙም ያው ጢስ። ደሴ ደወልኩ። ሐኪሙ «ነርቩ ሲያገግም አንዳንዴ የሌለ ሽታ ያመጣል፣ የተቃጠለ ነገር የሚሸታቸው ብዙ ናቸው፤ አይዞዎት፣ ይቀጥሉ» አለኝ። እኔ ግን ተስፋዬ ተቆረጠ። አፍንጫዬ መዋሸት ጀመረ አልኩ። ይባስ ብሎ ልጄም ጢስ ብትሸተኝስ ብዬ ፈራሁና አንገቷ ሥር መግባት ተውኩ። ደረጄን «ይህን ነገር ከስልክህ አጥፋልኝ» አልኩት፤ እያዘነ አጠፋው። እዚህም እየመጣሁ «ጌታ ሰማኝ ወይስ አልሰማኝም» እያልኩ እቀመጥ ነበር።

ሰነባብቶ እናቴ የልጅ ልጇን ልታይ ከሙጃ መጣች። እናቴ የነአኩቶ ለአብ ገዳም ተሳላሚ ናት። በእኔ መንገድ አልመጣችም፣ እኔም አልነዘንዛትም፤ ጸበሏን ታመጣልኛለች፣ እኔም እጸልይላታለሁ። መደርደሪያው ላይ ቅሎቹን አየችና አንዱን ከፍታ አሸተተች።

«ምን ልታስቀምጭባቸው ነው እንዲህ አብዝተሽ ያጠንሻቸው?» አለችኝ።

«የሎሚ ነው እማዬ፣ አፍንጫዬን የማለማምድበት።»

«ሎሚው የታል? ይህማ ወይራ ወይራ ነው የሚለው።» ሌላውን ከፈተች። «ይህም ወይራ። አንቺ ልጅ፣ ቅርንፉዱን እኮ በጢስ ገደልሽው።»

ቅሉን ከእጇ ተቀበልኩ። «ጢስ ጢስ ይላል አይደል፣ እማዬ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?»

ወገኖቼ፣ አፍንጫዬ አልዋሸም ነበር። ጢሱ እውነተኛ ጢስ ነው፣ በእጄ ያጠንኩት ወይራ ነው። ጌታ መልሶልኛል፣ እኔ ውሸት ነው ብዬ ወረወርኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ በንግግሯ የተቀየምኩ መስሏት «ተይ እንጂ፣ መታጠናቸው መቼ ከፋ» ትለኛለች። ሃሌ ሉያ።

ደረጄ አፑን መልሶ ጫነው። እኔም ከሆቴሎቹ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ለመንኩ፤ ጢስ ያላየ ዕቃ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቅርንፉዱ መጣ፣ ከዚያ ሎሚው ቀጠን ብሎ መጣ። ባሕር ዛፉ ገና ነው። ቅቤውንም ደረጄ አብሮኝ ነው የሚያሸተው፣ ብቻዬን አልደፍርም።

በረከት አሁን ትሮጣለች፣ ታወራለች። ባለፈው ሳምንት ከቀትር በኋላ ከእንቅልፏ ስትነሣ አቀፍኳትና እየፈራሁ አንገቷ ሥር ገባሁ። የሆነ ነገር አለ። ሎሚ አይደለም፣ ቅቤ አይደለም፣ ጢስም አይደለም። ከዚህ በፊት አላውቀውምና የማስታውሰው አልነበረኝም፤ ስልኩም የዚህ ሥዕል የለውም። ደረጄን ጠራሁት።

«እስቲ አሽትታት፤ ምን ምን ትላለች?»

አሸተታት። «ምንም የተለየ የለም። እንደ ሁልጊዜዋ ናት» አለኝ።

እንደ ሁልጊዜዋ። እሱ ሁልጊዜ የሚያውቀውን እኔ ያን ዕለት ገና ተዋወቅኩት። ጌታ ስሙ ይክበር።

ሁሉን ልንገራችሁ፤ የአራስነቷ ጠረን ግን አልፏል፣ አይመለስም። የማላውቀው ነገር ይናፍቀኛል። ሕፃን ያዘለች ሴት በመንገድ ስታልፍ ዞሬ ዞሬ አያታለሁ። ይህንንም ለጌታ እነግረዋለሁ፤ ሰምቶኝ ያውቃልና አሁንም ይሰማኛል። እናንተም የለመናችሁት የዘገየባችሁ፣ ወይም መጥቶ ሳለ የመጣ ያልመሰላችሁ፣ እመኑት። ሐኪማችሁ ያዘዛችሁንም አታቋርጡ፣ እኔ አቋርጬ ከስሬአለሁ።

ትናንት ጠዋት በረከት ጉልበቴ ላይ ወጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና አፍንጫዋን አንገቴ ውስጥ ከተተች። «እማ፣ አንቺ እማ እማ ትያለሽ» አለችኝ። ለካ እኔ እሷን ስፈልግ በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ እሷ ከተወለደች ጀምሮ በጠረኔ ታውቀኝ ኖሯል። ጌታ ይመስገን። እናቶች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን አሽትቱልኝ።