የልጄ ድምፅ የነበረበት ዲስክ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ የልጄ አርባ በወጣ ማግስት። ልጄ ሰበታ ፋብሪካ ስትሠራ በስልኳ የቀረጸችውን ሁሉ ከማስቲካ ፓኬት በማይበልጥ ኤስኤስዲ የሚባል ዲስክ ላይ ገልብጣ፣ ከነብረት ማቀፊያው ሰጥታኝ ነበር። ስልኳ እሷ በሞተችበት አደጋ ስለጠፋ ድምጿ የቀረኝ እዚያ ብቻ ነው። እሱ ሳያስፈቅደኝ ከመሳቢያዬ አውጥቶ ኳስ ሊቀዳበት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ቴሌቪዥኑ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ፣ ያለበት ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቀው እሺ አለ።

«ባዶ መስሎኝ ነው» አለኝ።

«የሟች ዕቃ ባዶ ይሆናል?»

ፉሪ ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ይዤው ሮጥኩ። ሰውዬው ደጋግሞ ሞከረ። «እማማ፣ የድሮው ዓይነት ዲስክ ቢሆን ይገኝ ነበር። ይሄኛው ፎርማት ሲደረግ የነበረበትን ራሱ ጨርሶ ያጠፋዋል» አለኝ። እንደገና እንዲሞክር ለመንኩት። ሞከረ፤ ምንም የለም።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጡ። «ጣት ለምታህል ዕቃ ዘመድ ይቆረጣል?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ። የሳቋ ድምፅ እየጠፋብኝ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ዕርቁን ሳልቀበል ሸኘኋቸው።

ለሙት ዓመቷ ዘመድ ሁሉ ስጠራ እሱን አልጠራሁትም። ሳይጠራ መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም።