በሁለት ጾም መካከል ያሠለጠንኩት ቡድን

መርሳ ላይ ጋራዥ የከፈትኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። ፊደልም የለየሁት ከዘይት ጣሳና ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። እግር ኳስ ማሠልጠንንም በዚያው መንገድ ተማርኩት፤ ሬዲዮ እያዳመጥኩ፣ ሜዳ ዳር እየቆምኩ፣ ሌሎች ሲሳሳቱ እያየሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እውነት ሲነገር ጉራ ከመሰለ ጥፋቱ የእውነቱ ነው።

ከከተማችን ዳር ያለው ኮሌጅ ቡድኑን የሰጠኝ የስፖርት መምህሩ ተዛውሮ ሲሄድ ነበር። ሁልጊዜ ከመስመሩ ውጭ ቆሜ ስጮህ ስለሚያዩኝ፣ «ከሚጮሁስ ገብተው ያሠልጥኑ» አሉኝ። ገባሁ። ሁለት ዓመት ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ሠራሁ። በሦስተኛው ዓመት ግን የኮሌጁ ዲን ተቀየረና አዲሱ ዲን ቢሮው አስጠራኝ። ከመጨረሻ ልጄ የሚያንስ፣ ጨዋ ሰው ነው።

«አባባ፣ ሥራዎን አከብራለሁ» አለኝ። «ግን የአሠልጣኝነት ሰርተፍኬት አለዎት?»

«መኪናህን የሚጠግንልህ ሰውዬ ሰርተፍኬት አለው?»

«የለውም መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ስድስት ኮሌጆች እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ይጋጠማሉ፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወደ ክልሉ ውድድር ያልፋሉ። «ካለፍን ቡድኑ የእርስዎ ነው» አለ። «ካላለፍን ለከርሞ የተማረ አሠልጣኝ እንቀጥራለን።»

ጋራዡን ለልጄ ካስረከብኩ ወዲህ ጧት ከአልጋ የሚያስነሳኝ አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው የአሠልጣኝ ፊሽካ ብቻ ነበር። ይህን ለዲኑ አልነገርኩትም። ለሚስቴ ስነግራት፣ «ካባረሩህ ቤት ተቀምጠህ እኔን ልታሠለጥን ነዋ! ኧረ በእመቤቴ፣ እለፉ!» አለችኝ።

ሥራዬን የጀመርኩት እንደ ልማዴ በጆሮዬ ነው። ሞተር በዓይን አይታወቅም፤ ክዳኑን ከፍተህ ስታየው ሁሉም ሞተር አንድ ነው። ልጆቹን በመስኖው ቦይ ዳር አስሮጣቸውና አጠገቤ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። የቀኝ ክንፌ፣ የመርሳ ልጅ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፤ ቶሎም ይግላል። በረኛዬ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጣ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ነው፤ እሱ ሲሮጥ ትንፋሹ ጭራሽ አይሰማም። ከግራና ከተማ የመጣው የመሐል ተጫዋቼ ደግሞ ሲጀምርም ሲጨርስም ድምፁ አንድ ነው። ያንን ስሰማ አምበል አደረግሁት። ሌሎቹ «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይፈጥንም» አሉኝ። «የጭነት መኪናም አይፈጥንም፤ ግን ይደርሳል» አልኳቸው።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ከውርጌሳ ወጣቶች ጋር ለልምምድ ተጫውተን ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ስንመለስ በሚኒባስ ነበር። ረዳቱ በየፌርማታው ተሳፋሪ በገባ ቁጥር፣ «ጠጋ በሉ፤ እነዚህ ሦስት ለባዶዎቹ ናቸው፤ አይናከሱም» ይላል። መርሳ ስንደርስ እኔም ከሁሉም እኩል ሳቅሁ። ሽንፈቱ የጠቀመን ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው ያንን ጨዋታ ሆን ብዬ ነው የያዝኩት የምለው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጨዋታ አሸነፍን። አንድ ተሸነፍን። በሽንፈቱ ዳኛውን አልወቅስም፤ ሜዳው ጭቃ ነበር። ቀሪው የመጨረሻው ጨዋታ ከወልድያው ቡድን ጋር፣ በእኛው ሜዳ ሆነ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እኩል ከወጣን ሁለተኛ ሆነን እናልፋለን፤ ከተሸነፍን ሦስተኛ ነን፤ ፊሽካዬም ሄደ።

ችግሩ ወቅቱ ነበር። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገብተዋል። ከአሥራ አንዱ ተሰላፊዎቼ አምስቱ ሙስሊሞች፣ ስድስቱ ክርስቲያኖች ናቸው። ጨዋታው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ሙስሊሞቹ ጎሕ ሳይቀድ ከበሉ እስከ መግሪብ ውሃም አይቀምሱም። ክርስቲያኖቹ የሚበሉት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በልተው ወዲያው ቢገቡ ደግሞ ሆዳቸው ይከብዳል። ሰርተፍኬት ያለው አሠልጣኝ እዚህ ላይ ራሱን ይይዝ ነበር። እኔ ግን አንድ ሌሊት አስቤ መላ አገኘሁ።

በማግስቱ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ስድስት ልጆች ሐሙስ ዕለት በስድስት ሰዓት ቢበሉ ምን ይሉኛል?» አልኳቸው።

«ለምን ጉዳይ?»

«ለኮሌጁ ጉዳይ።»

«ለኳስ ነው የምትለኝ?»

«ለመርሳ ነው፣ አባ።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «ተማሪዎች ናቸው፤ ለአንድ ቀን ይሁን» አሉ።

መላው ይህ ነበር፦ ስድስቱ ቀደም ብለው ይበላሉ፤ ስለዚህ መሮጡን ሁሉ እነሱ ይሮጣሉ። አምስቱ መሐል ላይ ቆመው ኳስ ብቻ ያከፋፍላሉ። ነዳጅ የሞላው ይነዳ፣ ያልሞላው ይቆጥብ። በወረቀት ሣልኩት፤ በጣም ያምር ነበር።

ሐሙስ ጧት ሚስቴ ዱቄት ስታቦካ፣ «ለስንት ሰው ነው?» አለችኝ።

«ለስድስት።»

«አሥራ አንድ አይደሉም እንዴ?»

«አምስቱ እስከ መግሪብ አይበሉም።»

«እና እነዚህ እነሱ ፊት ሊበሉ ነው?»

«አንቺ ኳስ አይገባሽም።»

«ኳሱስ አይገባኝም» አለችና ማቡካቷን ቀጠለች።

ዳቦውን፣ ሙዙንና የተልባውን ጀሪካን ይዤ በስድስት ሰዓት ዶርም ደረስኩ። ከስድስቱ በዕድሜ የሚበልጠው በረኛው ስለሆነ ለእሱ አስረከብኩት። «አንድም ፍርፋሪ እንዳይቀር!» ብዬው የሜዳውን መስመር በኖራ ላስቀባ ሄድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መርሳ ሱቋን ዘግታ ሜዳ ወጣች። ወልድያዎች በሁለት አውቶቡስ መጡ። መርሳ በማንጎዋ ስለምትታወቅ፣ ገና ከመውረዳቸው፣ «ማንጎ ሻጮች! ኪሎው ስንት ነው?» ብለው ጀመሩን። የእኛ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለእናንተ በነጻ ነው፤ ተሸንፋችሁ ስትመለሱ መንገድ ላይ ትልሷታላችሁ!»

ፊሽካው ተነፋ። የቀኝ ክንፌ እንደ ነፋስ ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ አልፎ አሻገረ፤ በሦስተኛው ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ዲኑ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዞር አልኩና፣ «ይህንን የሚያስተምረው የትኛው ሰርተፍኬት ነው?» አልኩት። እሱ ማጨብጨቡን ቀጠለ።

ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ግን ጆሮዬ ያልጠበቀውን ሰማ። የቀኝ ክንፌ አጠገቤ ሲያልፍ ትንፋሹ ይቆራረጣል። የግራ ተከላካዬ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይሄዳል። ነዳጅ ሞላሁላቸው ያልኳቸው ስድስቱ እየጠፉ፣ እንዲቆጥቡ ያዘዝኳቸው አምስቱ እንደነበሩ ናቸው። ዕረፍት ሊወጣ ሲል ወልድያዎች በዚያው በግራ በኩል ገብተው አቻ አደረጉ። ጩኸታቸው ቦዩን ተሻግሮ ተሰማ።

ከሜዳው ዳር ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ልጆቹን ሰብስቤ ጮህኩባቸው። «ምን ሆናችሁ ነው? ዳቦው አልበቃችሁም?»

ሁሉም በረኛውን ያያሉ። በረኛው ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል።

«ተናገር እንጂ አንተ!»

«አልበላንም፣ ጋሼ።»

«ማን ከለከላችሁ?»

«ማንም። እነሱም ዶርም ውስጥ ነበሩ፤ እንዴት ብለን እንብላ?»

አምበሉ ተቆጥቶ ተነሳ። «እኔ ብሉ ብያቸዋለሁ፣ ጋሼ! ወላሂ ለምኛቸዋለሁ። ውጭ ወጥተን ቆምንላቸው እኮ።»

«ይኼው!» አለ የቀኝ ክንፌ እያለከለከ። «እናንተን ፀሐይ ላይ አስቁመን ልንጎርስ? በኋላ በምን ዓይናችን እንያችሁ?»

«ዛሬ እንኳ ዓይን ይቅርብህ፤ እግር ነው የሚፈለገው!» አለው አምበሉ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እዚህ ላይ ማለት ያለብኝን ልበል። በእኛ አገር ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ሙስሊም ወዳጆቹን ጠርቶ በእጃቸው ያሳርዳል፤ ድስቱ ለብቻ፣ ሳህኑ ለብቻ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያን ሲጠራ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳ ሁለት ዓይነት ከሆነ ማዕድ ሁለት ጊዜ ይሰናዳል፤ አንዱ ሲጎርስ ሌላው ቆሞ የሚያይበት ድግስ ግን ወሎ ውስጥ የለም። ይህንን የማያውቅ ቢኖር ከሩቅ የመጣ አሠልጣኝ ነው። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ስበላ ኖሬ፣ ወረቀቱ ላይ ስሥል ሆድ ብቻ ቆጠርኩ። ስድስት ሆድ እዚህ፣ አምስት ሆድ እዚያ። ሚስቴ ሊጡ ላይ ቆማ የጠየቀችኝም ይህንኑ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ለመጸጸት ጊዜ አልነበረም፤ የቀረን አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ወረቀቱን ቀደድኩትና አምበሉን አየሁት። ይህ ልጅ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ባዶ ሆዱን ሲለማመድ ከርሟል፤ ከሁሉም ይልቅ በረሃብ መጫወት የሚያውቅ እሱ ነው።

«ስሙኝ» አልኩ። «አሁን አሥራ አንዳችሁም አንድ ሆድ ናችሁ። ማንም አይሮጥም። ኳሷ ትሩጥ። አምበሉ ሲራመድ ትራመዳላችሁ፤ ሲቆም ትቆማላችሁ። ዛሬ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ የሚያስገባ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።»

«ወልድያዎች ከሮጡብንስ?» አለ የቀኝ ክንፌ።

«ይሩጡ። እነሱም ጾመኞች ናቸው፤ እነሱም ያልቅባቸዋል።»

ሁለተኛው አጋማሽ ለማየት አያምርም ነበር። የእኛው ደጋፊ ራሱ፣ «ተነሱ እንጂ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» እያለ ሰደበን። አምበሉ ግን ኳሷን እግሩ ሥር አድርጎ ግራና ቀኝ ያያል፣ በአጭሩ ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ደግሞ ይሰጣል። ሰው ሲጠጋው ወደ ኋላ ይመልሳል። ወልድያዎች ኳሷን ፍለጋ ሲሮጡ ቆዩና እንዳልኩት እነሱም መራመድ ጀመሩ። ዲኑ ሰዓቱን አሥር ጊዜ ያያል። እኔ ሰዓት አላየሁም፤ አጠገቤ የሚያልፈውን ሁሉ ትንፋሽ አዳምጥ ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከማዕዘን የተሻገረችውን ኳስ የወልድያው አጥቂ በግንባሩ መታት። እኔ ቁልቁል አየሁ። ፊሽካዬ ሲሄድ ማየት አልፈለግሁም። ቀና ስል በረኛዬ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ ማንጎው ውስጥ ገብታለች። ልጆች ሲፈልጓት ዳኛው ጨረሰ። አንድ ለአንድ። አለፍን።

መግሪብ ሲባል ዳቦው ከዶርም መጣ። ለስድስት የተጋገረ ስለሆነ ለአሥራ አንዱ አልበቃም፤ የሜዳው ጎረቤቶች ሳምቡሳና ተምር ጨመሩልን። አምበሉ አንዲት ቁራሽ ለእኔ አቀበለኝና፣ «ጋሼ፣ ይችም በፕላኑ ውስጥ ነበረች?» አለኝ። «ብላ ዝም ብለህ» አልኩት።

ዲኑ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አባባ፣ ቃሌ ቃል ነው፤ ለከርሞም እርስዎ ነዎት።»

«በደብዳቤ ይሁንልኝ።»

«ቃሌ አይበቃም?»

«ቃልህስ ይበቃኝ ነበር፤ ዲን ግን ይቀየራል።»

ሳቀና፣ «ያ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያሳዩን ቀስ ያለ አጨዋወት፣ ቀድመው ያሰቡበት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዎ ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሠርቼ ባረጀሁበት ዘመን ሁሉ ለደንበኛ «ተሳስቼ ነው» ብዬ አላውቅም፤ መኪናው ነው የሚሳሳተው። ግን ልጆቹ አጠገባችን ተቀምጠው ይሰማሉ። ስለዚህ ከዳቦው ጀምሬ እንዳለ ነገርኩት። ለአንድ ቡድን ሁለት ማዕድ ማሰቤ ስሕተት እንደነበር፣ ከእንግዲህ በጾም ወራት ወይ ጨዋታው ከመግሪብ በኋላ እንዲሆን እንደምንጠይቅ፣ ወይ ሁሉም እኩል ተርቦ የሚጫወተውን ጨዋታ ቀደም ብለን እንደምንለማመድ ነገርኩት።

ዲኑም፣ «ታዲያ ያለፍነው በዕድል ነው ማለት ነው?» አለ።

«በአምበሉ ነው» አልኩት። «አምበሉን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ደብዳቤው ሰኞ ደረሰኝ። «ጊዜያዊ አሠልጣኝ» ይላል። መልሼ ላክሁት፤ ማክሰኞ «ጊዜያዊ» የምትለዋ ወጥታ ስትመጣ ፈረምኩ። ፋሲካም ዒድም አልፈው ለክልሉ ውድድር ልምምድ የጀመርን ዕለት በንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሜዳ ላይ ነበርኩ። የቀኝ ክንፌ አርፍዶ መጣ፤ ክልል የገባ ሰው የሚያረፍድ መስሎት ነው። ቦዩን ሁለት ጊዜ አስዞርኩት፤ ሲመለስ ትንፋሹ ጥሩ ነበር።